የቄንጠኛው በረንዳ

ያ በጋ ሲታወስ መጀመሪያ የሚመጣው ላቡ ነው። አንሶላው ገላ ላይ ይጣበቃል፤ የደረጃው መደገፊያ ከቀትር በኋላ እጅ አያስነካም፤ አስፋልቱ ይለሰልስና የጫማ ተረከዝ ይይዛል። ቢሆንም ደስ የሚል ነገር ነበረው። መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ይከፈትና የአንዱ ቤት ሬዲዮ ለሌላው ቤት ይዘፍናል፤ የልጆች ሳቅ ከፎቅ ፎቅ ይወርዳል። ዛሬ ያ ሳቅ ትዝ ሲል ሆድ ያባባል። ያን ጊዜ ግን ልብ ያለው ማን ነው? ሰው ሁሉ ነፋስ ፍለጋ ላይ ነበር። ገሚሱ አልጋውን መስኮት ሥር ገፋ፤ ገሚሱ ወንበሩን በረንዳ ላይ አወጣ፤ ልጅ የሚባል ፍጡር ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ እንደሚንጠላጠል የረሱ ይመስል። አንዷ ጎረቤትማ መስኮቷ ላይ የትንኝ ወንፊት አስለጥፋ «እኔ እንኳ አሁን ሐሳብ የለብኝም» ትል ነበር። ትንኙን በቅጡ ያልመለሰ ወንፊት ልጅ ሊይዝላት!

ከሁሉም ግን ቄንጠኛው ይብስ ነበር።

ቄንጠኛው ብረት በያጅ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ እሱ ደግሞ እያሾፉበት መሆኑ ሳይገባው ወደደው። ሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ አልሰቀለም። «ማስታወቂያዬ በረንዳዬ ነው» ይል ነበር አፉን ሞልቶ። እውነቱን ነው። ሌላው በያጅ ቀጥ ቀጥ ያለ ብረት አቁሞ ሥራውን ሲጨርስ፣ እሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለው የራሱ ቤት ብረቱን አግድም ደረደረው። በየመሀሉ ሐረግ ጠመዘዘበት፣ ቅጠል በየደበት፣ አበባ ሰካበት፣ ወርቃማ ቀለም ለቀለቀበት። ደንበኛ ሲመጣ አስፋልቱ ላይ ያቆመውና ደረቱን ነፍቶ ወደ ላይ ያሳየዋል። ደንበኛውም አንጋጦ አይቶ «እንደዚህ ሥራልኝ» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ የመንገዱ በረንዳ ግማሹ መሰላል ሆነ።

መሰላል ያለችው ሚስቱ ናት። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ስትተኩስ የምትውል፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። አንድ ልጅ አላቸው፤ ሚጢጢ ነው የሚሏት።

«አንተ ሰውዬ» አለችው አንድ ቀን «ይሄን ብረት ቀጥ አድርገህ ቀይረው። ልጅቷ ላዩ ላይ ቆማ አገኘኋት።»

«ታዲያ ወረደች አይደል?»

«እኔ ነኛ ያወረድኳት!»

«በቃ፣ አሁንም አውርጃት። እናት ለምንድን ነው?»

«አባትስ?»

«አባት አበባ ይሠራል» አለና ተንከተከተ። በራሱ ቀልድ የሚስቅ ሰው ነበር፤ ሌላ የሚስቅለት ስላልነበረ።

ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊም ነግራዋለች። እሷማ በእድሜ ስለምትበልጠው አልፈራችውም። «አንተ ልጅ፣ ያ የምትኮራበት ነገር አንድ ቀን ያስለቅስሃል።»

«እትዬ፣ እርስዎ ቁልፍዎን ይትከሉ፤ ብረቱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«ቁልፍማ እተክላለሁ። ላንተ አፍ የሚሆን ነው ያጣሁት።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ይባስ ብሎ ባዶ የቀለም ጣሳውን በረንዳው ላይ፣ ከብረቱ ሥር አስቀመጠው፤ ለልጅ እግር ማንሻ የጎደለ ይመስል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሥራ ገባችና ልጅ መጠበቅ የሱ ተራ ሆነ። ስትወጣ «የበረንዳውን በር ዝጋ» አለችው። «እሺ» አለ። ኮቴዋ ከደረጃው ሳይጠፋ መልሶ በረገደው፤ ጌታው እንዳይሞቃቸው። ልጅቷ ተኝታለች። ወዲያው ከታች ሰው ጠራው፤ ሆቴል ሊከፍት ያሰበ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ብዙ በረንዳ የሚያሠራ። ቄንጠኛው በደስታ ዘሎ ወጣ፤ በሩ ከኋላው ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ያቺ አበባ ትታይዎታለች፣ ጋሼ?» አለ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ። «ከሷ ከፍ ብላ ያለችው ቅጠልስ?»

«ትታየኛለች» አለ ሰውዬው። «ከቅጠሏ በላይ ያለችውስ? ልጅ አይደለችም እንዴ?»

ሚጢጢ ነበረች። ጣሳውን ረግጣ፣ ጥላ ያገኘውን ብረት በባዶ እግሯ ቆንጥጣ፣ ሆዷ የላይኛው ብረት ላይ ሊደርስ ነው።

«አባዬ! አየኸኝ?»

«ውረጂ!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ድምፁን ስትሰማ ደስ አላትና አንድ እግር ጨመረች። ደግሞ ጮኸ፤ ደግሞ ጨመረች። አባቷ ከታች ሆኖ እጁን ሲያወናጭፍ ጨዋታ መስሏታል።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጥታ ክንዱን ያዘችው። «ዝም በል! በጮህክ ቁጥር እየወጣችልህ ነው። ሂድ፣ ግባ!»

«ቁልፉ... ቁልፉ ውስጥ ነው።»

«ወይ ያንተ ነገር!» አለችና ሰፍታ ያልጨረሰችውን መጋረጃ ከቤቷ ጎትታ አንዱን ጫፍ ለሆቴለኛው አስጨበጠችው። ሁለቱም በረንዳው ሥር ወጥረው ቆሙ። መጋረጃው ስስ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

የቄንጠኛው ቆሌ ተገፈፈ። ልጅቷ በር መክፈት እንደምትወድ፣ ሌላ ሰው ቀድሟት ከከፈተ ቀኑን ሙሉ እንደምታለቅስ ያን ጊዜ ብልጭ አለለት። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ፣

«ሚጢጢዬ፣ መጣሁ። በር ክፈቺልኝ» አላት።

አሰበች። «ከረሜላ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ፣ የኔ እናት።»

ዞረች። አንዷ እግሯ የታችኛውን ብረት ፈልጋ አጣችው፤ አየር ላይ ተወዛወዘች፤ ሆቴለኛው አንድ እርምጃ ሲጠጋ መጋረጃው ረገበ። ከዚያ አገኘችው። ወረደችና ከዓይን ጠፋች። ቄንጠኛው ደረጃውን እንዴት እንደወጣው አያውቅም። በሩ ስር ተንበርክኮ መያዣውን ስትታገል ይሰማት ነበር። ሲከፈት አቀፋት፤ እሷ ግን ኪሱን እየበረበረች «ከረሜላውስ?» ትለው ነበር።

ሆቴለኛው ሳይሰናበት ሄደ። ቄንጠኛው በዚያው ከሰዓት መቁረጫውን አወጣ። ወርቃማው አበባ እየተቆረጠ ወለሉ ላይ ተከመረ፤ በምትኩ ቀጥ ያለ፣ የልጅ ራስ የማያሳልፍ ብረት ደረደረ። ሚስቱ ስትመለስ ነገሩን ሁሉ ከልብስ ሰፊዋ አፍ ሰምታ ነበርና አልጮኸችም። «ከእንግዲህ ፎቅ ላይ አልኖርም» ብቻ አለች።

ከዚያ ያንን ዓይነት በረንዳ የሠራላቸውን በየቤታቸው እየዞረ «በነፃ ላቅናላችሁ» ይል ጀመር። ያኔ ነበር የሰፈሩን ጉድ ማየት! «ያንተ ስለተቆረጠ የኛም ይቆረጥ? ቀናህ እንዴ?» አለው አንዱ። «አበባዬን እንዳትነካብኝ» አለው ሌላው። ባለወንፊቷም «የኔ ልጅ ጨዋ ነው፣ መውጣት አያውቅም» አለችው፤ ልጁ ያን ጊዜ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ይዘል ነበር። አንዳንዱ እሺ አለው፤ ብዙው አባረረው። አዲስ ሥራ የሚያዝዘው ደግሞ ጠፋ፤ ቀጥ ያለ ብረትማ ማንም ይሠራዋል።

ሱቁን ዘጋ። ቤተሰቡ በዚያው በጋ ከፎቁ ወጥቶ ምድር ላይ ያለ ቤት ተከራየ። ቄንጠኛው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የመኪና ጭስ ማውጫ ይበይዳል።