ቦጋለች «በነጻ» ያለችው ውሃ

ስለ ቦጋለች ንገሪን ካላችሁ እነግራችኋለሁ፤ ግን መሀል ላይ የሚገላምጠኝ ሰው አልፈልግም፣ አቦ!

ቦጋለች የሰው ልብስ አጣቢ ናት። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይታ ሃያ ዓመት ኖረች። በሰፈሩ ቧንቧ ያለው የእኔ ግቢ ብቻ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ባሌ ነው ያስገባው፣ ነፍሱን ይማረው። ጀሪካኑን በአሥር ብር እሸጣለሁ። ቦጋለች በቀን ስምንት ትወስድ ነበር፤ ሁሉንም በጀርባዋ።

አምና ወገቧ እንቢ አላት። ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ጀሪካን ካነሣሽ አልጋ ላይ ትቀሪያለሽ» አላት። ካላጠበች ደግሞ ምን ትበላለች? በራፏ ላይ ቧንቧ እንዲገባላት እመቤቴን ስትለምን እሰማት ነበር።

በዚያው ሰሞን አዲስ መስመር ሊዘረጋ ነው ተባለና ዮርዲ የምትባል ከውሃ ቢሮ የተላከች ልጅ ታብሌት ይዛ ቤት ለቤት መጠየቅ ጀመረች፤ ውሃ ቢገባላችሁ በወር ስንት ትከፍላላችሁ እያለች። ቦጋለች ወደ እኔ ከነፈች።

«እትዬ ሰርካዲስ፣ ምን ልበል? ሦስት መቶ ብል ይበዛል?»

ሦስት መቶ! ለእኔ በወር ከሁለት ሺህ በላይ ትከፍላለች እኮ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ቆጣ አልኩባት።

«ሞኝ ነሽ እንዴ? ይሄ የታሪፍ መጨመሪያ ነው። ያልሽውን ያህል ይጭኑብሻል። ምንም አልከፍልም በይ፤ ደሃ ናት ብለው በነጻ ያስገቡልሻል።»

የእኛ ሰው ወረቀት የያዘ ሲያይ የለኝም ማለት ልማዱ ነው፤ አመነችኝ። የቀሩትንም ጎረቤቶች እንደዚሁ መከርኳቸው።

ልጅቷ እኔው በር ላይ ጠየቀቻት።

«ምንም አልከፍልም» አለች ቦጋለች።

«ታዲያ አሁን ውሃ ከየት ያገኛሉ፣ እናቴ?»

ቦጋለች አየችኝ። አልከፍልም ካለች በኋላ እገዛለሁ እንዴት ትበል?

«እሷ ትሰጠኛለች። በነጻ።»

«እግዜር ይስጥዎት እማማ፣ እንደ እርስዎ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል!» አለችኝ ልጅቷ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዘንድሮ መስመሩ እኛን ዘሎ ቀጣዩ ሰፈር ገባ። ቦጋለች ወገቧን ይዛ ቢሮ ድረስ ሄዳ ብትጠይቅ «እናንተ ጋ መክፈል የሚፈልግ ሰው የለም። እርስዎም በነጻ እንደሚያገኙ ተመዝግቧል» አሏት።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኳት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ትናንት ከሰዓት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዛ፣ ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። ልብስ ካጠበች ሁለት ወሯ ነው።

«እትዬ፣ በነጻ ትሰጠኛለች ብዬ አስመርቄሻለሁ። አንድ ቀን እንኳ እውነት አድርጊልኝ፤ የምጠጣው ነው።»

ከኋላዋ አራት ሰው ተሰልፏል። ለእሷ ከሰጠሁ ነገ ሁሉም በነጻ ይለኛል።

«ሳንቲም ስታገኚ ነይ» አልኳትና የቀጣዩን ሰው ጀሪካን ቧንቧው ሥር አስጠጋሁ።