የዓርብ ዓሣ

ዛሬ ገበያ መሃል የሚጠበስ ዓሣ ሸተተኝና፣ ሆላንድ፣ ደቡብ ሮተርዳም የነበረው የካቶሊኮቹ የወንዶች ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። ልጅ ነኝ፤ ስደት በገባን ሰሞን፣ አንድ ዓርብ፣ ወንድሜን ከአዳሪ ቤቱ ልንወስድ ከእናቴ ጋር ሄድን። እዚያ ሳህኑን ሳይጨርስ ከገበታ የሚነሳ የለም። ሌሎቹ ወጥተው እሱ ብቻውን ቀርቷል።

መምህሩ ቄስ፣ መቼም ደግ ሰው ናቸው፣ «ሜቭራው፣ እመቤት፣ ዓሣ እኮ ነው! የጾም ነው!» አሏት።

በእኛ ቤት ግን ዓሣም ያስገድፋል። ወንድሜ ሹካውን እንደያዘ እናቴን ያያታል።

«ብላ የኔ ልጅ፤ ያንተን እኔ እጾምልሃለሁ» አለችው።

እያለቀሰ በላ።

እናቴ ዛሬም ዓርብን የራሷን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ የእሱን እስከ ማታ ትጾማለች። «እማዬ፣ ይብቃሽ እንጂ!» ቢላት አትሰማም። እሱም ዓርብ ዓርብ እሷ ቤት ድርሽ አይልም።