አምኃ ሥላሴ ማን ነው?

ነገሩ የደረሰብኝ ካቻምና ከዳግማ ትንሣኤ ወዲህ ነው። ዛሬም የማር በርሜል በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ደሜ ይፈላል።

ጎንደር ውስጥ ከቁስቋም ወደ ታች ሲወረድ ማር እሸጣለሁ። ማሬ ከአይከል ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ስሜን በክፉ ያነሳ ሰው አልነበረም።

አንድ ጠዋት «አምኃ ሥላሴ» ነኝ የሚል ሰው በቴሌግራም ጻፈብኝ። «ከቁስቋም በታች ያለው ማር ሻጭ ንቦቹን አሰናብቶ ስኳር ቀጥሯል» ይላል። ከተማው ተቀባበለው። እሱም በየሳምንቱ ይጨምርበታል። ጠጅ ቤቶቹ ቀሩብኝ። ለመድኃኒት የሚገዙ እናቶች እንኳ በጣታቸው ቀምሰው፣ ፊቴን አይተው መሄድ ጀመሩ።

የኔ ዓይን ለስልክ ፊደል አይሆንም። የሚያነብልኝ ጎረቤቴ መምህር ፈንታሁን ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ማራኪ ታክሲ ከመያዙ በፊት ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበንበዋል።

«አያ ታከለ፣ ይሄ እርኩስ ነው!» ይለኛል። «ስሙን ደብቆ ሰው የሚያዋርድ ወንድ ነው?» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ግን ብዕሩ ሸጋ ነው።»

«ብዕሩን ዓይኑ ላይ ይትከለው!» እላለሁ። እሱ ይስቃል።

ሰኔ ላይ ታይፎይድ ጣለው። አንድ ኪሎ ማር ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው አልጋው አጠገብ ቆመዋል። ሊጸልዩለት ነው። በጸሎት ደግሞ ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው።

«ስመ ክርስትናው ማን ነበር?» አሉ።

«አምኃ ሥላሴ» አለች ሚስቱ።

ትኩሳት የያዘው ሰው እንደዚያ ሲገረጣ አይቼ አላውቅም። ጸሎቱ ሲያልቅ ሁላችንም «አሜን» አልን። ከሁሉም አስበልጬ የጮኽኩት እኔ ነኝ።

ሚስቱ ቄሱን ልትሸኝ ወጣች። የማሩን ክዳን ከፈትኩ።

«ብላ እንጂ አምኃ ሥላሴ! ምነው፣ ስኳር ነው ብለህ ፈራህ?»

ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።

«አያ፣ ለፋሲካ የሸጥክልኝን አስታውስ» አለኝ። «እናቴን ሳል ይዟት ለመድኃኒት የወሰድኩት ነው። ታቹ ስኳር ነበር። ልመልስልህ ስመጣ በሰው ፊት ‹መምህር፣ ማር እኮ ይረጋል፤ ይሄን አታስተምሩም?› ብለህ አሳቅክብኝ።»

ያን በርሜል አውቀዋለሁ። ገና ከመኪና ሲወርድ ተጠራጥሬው ነበር። ግን የገዛሁትን ዕቃ ልደፋው ነው? ሸጥኩት።

«ታዲያ ምነው በራስህ ስም አልጻፍክ?»

«በራሴ ስም ስነግርህ ሰማኸኝ?»

ማሩን ከድኜ ይዤው ወጣሁ። ለታማሚ ያመጡትን መልሶ መውሰድ ነውር መሆኑን አላጣሁትም።

አልታረቅንም። አሁን በርሜል ስገዛ እስከ ታቹ እንጨት ሰድጄ እፈትሻለሁ፤ እሱን ግን አላመሰግንም። ድኖ፣ ስም ቀይሮ፣ ዘንድሮ የቅቤ ነጋዴዎቹን ይዟል። ልጄ ስታነብልኝ በብዕሩ ለየሁት።

ቅቤ ነጋዴዎቹ «አያ ታከለ፣ ይሄ ሰው ማን ይሆን?» ይሉኛል።

«አላውቅም» እላለሁ። አዝኜለት አይደለም፤ እጠላዋለሁ። አምኃ ሥላሴ የጻፈው እስከ ዛሬ ሐሜት ነው። እኔ ስሙን ባወጣ ግን፣ መምህር ፈንታሁን መጥቶ ስለዚያ በርሜል በራሱ ስም ይመሰክራል።