ሁለት ማሽን በአንድ አድራሻ

ልጆቹ ፈተናውን በኮምፒውተር የተፈተኑ ዕለት እኔ ከአዳራሹ ውጭ ነበርሁ። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ብሆንም፣ ልጄ ከተፈታኞቹ አንዷ ስለነበረች ወደ ውስጥ እንዳልገባ ተነግሮኛል። ሥራዬ ከጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሰርቨሩን መጠበቅ ነበር። ጥያቄውን የሚያድለውም፣ መልሱን የሚያስቀምጠውም እሱ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፈታኙ መምህር በሩን ገፋ አደረገው።

«እትዬ፣ ገጹ ቆመባቸው። ግማሾቹ ይገቡና መልሰው ይወጣሉ።»

«ሰዓቱስ?»

«ሰዓቱማ ይሄዳል። እሱ ምን ቸገረው።»

ሰርቨሩ ላይ መልእክት ወጥቷል፤ ሌላ ማሽን በዚሁ አድራሻ እየሠራ ነው ይላል። በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለ ማሽን ሁሉ አድራሻ የሚሆነው የየራሱ ቁጥር አለው። ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ የተላከው አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይሄዳል። ሌላኛው የት እንዳለ ግን መልእክቱ አይናገርም።

እስከ ስድስት ሰዓት ካልጨረሱ ፈተናው ለሌላ ቀን ይዛወራል። ከኮኪት ከተማ የመጡት ልጆች መንገዱ በዚያች ቀን ሰላም ሆኖላቸው ነው የደረሱት። ሌላ ቀን ይገኛል ብሎ የሚምል አልነበረም።

ገመዶቹ የሚሰባሰቡበት ሳጥን ፊት ተንበረከክሁ። በየገመዱ የለጠፍሁት ምልክት በሙቀቱ ሙጫው ቀልጦ ግማሹ ወለሉ ላይ ወድቋል። የምነቅለው የማን እንደሆነ አላውቅም። የልጄም ሊሆን ይችላል። ጸሎት ጀምሬ መካከሉ ላይ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርሁ።

ከሌሎቹ ተለይተው ከሌላ ሕንጻ በመስኮት የሚገቡ ሦስት ገመዶች አየሁ። አንዱን ነቀልሁ፤ ምንም፤ መልሼ ሰካሁት። ሁለተኛውንም እንዲሁ፤ ምንም። ሦስተኛውን ስነቅል መልእክቱ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ መምህሩ ብቅ አለ፤ «ተመለሰ» ብሎኝ ሄደ።

ገመዱን ተከትዬ መዝገብ ቤት ደረስሁ። መዝገብ ያዡ ሽማግሌ አዲስ የኮምፒውተር ማተሚያ ፊት ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ገጠመው?»

«እኔ ነኛ፣ ዛሬ ጠዋት። ምነው፣ አይችልም ብለሽ ነው?»

«ቁጥር አልጠየቀዎትም?»

«ጠየቀኝ። የፊተኛውን ቁጥር ከድሮው ማተሚያ ገለበጥሁት፤ መጨረሻው ላይ ሃያ አንድ አልሁ። የእመቤቴ ቀን ናት፣ ትጠብቀዋለች ብዬ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ሰርቨሩን ስተክል እኔም ሃያ አንድን የሰጠሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ለማንም አልነገርሁም፤ ወረቀት ላይም አላሰፈርሁም።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩም ሃያ አንድ ነው።»

«እመቤቴን ተሻማናት በይኛ። ታዲያ ለዚህ የማንን ልስጠው? የሚካኤልን?»

«ሁለት መቶ ይስጡት። እዚያ የማንም በዓል አይውልም።»

ሮጬ ተመልሼ የተቀመጡትን መልሶች ከፈትሁ። አንድም አልጎደለም። ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ አምላኬን አመሰገንሁ። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ቁጥሮቹን ጽፌ አለመለጠፌን ነገርሁት። «አሁን ጻፊያቸዋ» ብቻ አለኝ። ለልጆቹ የባከነባቸው ደቂቃ ተጨመረላቸው።

የኮኪቶቹ ሚኒባስ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተነሣ። ልጄ ወደ እኔ መጣች። ገጹ ስለ መቆሙ ምንም አላነሣችም።

«እማዬ፣ ሒሳቡ ከበደኝ» አለች።

ተመስገን አልሁ። የከበዳት ሒሳቡ ነበር።