ለሁለት ሞክሼ አንድ ደብዳቤ

ዝርዝሩ የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነበር፤ በሱዳን ወታደሮቹ ሥልጣን ከያዙ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት። በባቡር ወርክሾፑ በር፣ ድሮ የሠራተኛው ማኅበር ማስታወቂያ ይለጠፍበት በነበረው ሰሌዳ ላይ፣ «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከሥራ የተሰናበቱ» የሚል ርእስ ተጽፎ ከሥሩ አርባ አንድ ስም ተደርድሯል።

በባቡር ከተማዋ በአትባራ ሰውን በመዝገብ ስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በቅጽል ስሙ ይኖራል፣ በቅጽል ስሙ ይዳራል፣ ሲሞትም በቅጽል ስሙ ይለቀስለታል። ስለዚህ ከሰሌዳው ፊት የተሰበሰበው ሠራተኛ ዝርዝሩን የሚያነበው እንደ ባዕድ ቋንቋ እየተረጎመ ነበር።

«አብደልመጂድ ሰዒድ ማነው?»

«ሸንኮራ ነዋ!»

«እንዴ! የሸንኮራ ስም አብደልመጂድ ነው? ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ...»

«ተወው፣ እሱም ገና ዛሬ መስማቱ ነው።»

ሳቁ ከጉሮሮ አላለፈም። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሁሉም ጭጭ አለ። «ባቢከር አሕመድ ኢድሪስ» ይላል። የዚህ ስም ባለቤቶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም እዚያው ቆመዋል።

አንደኛው ሻኩሽ ነው። ሻኩሽ በአገሩ ቋንቋ መዶሻ ማለት ነው። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ የባቡር መንኮራኩር በመዶሻ እየመታ፣ የተሰነጠቀውን ከደኅናው በድምፁ ሲለይ ኖሯል። ሁለተኛው ፈኪ ነው። እሱ የፉርጎ አናጢ ነው፤ ቁርኣኑን በቃሉ የያዘ፣ በወርክሾፑ ግቢ ባለችው ትንሽ መስጊድ አዛን የሚያሰማ። ቅጽሉም የቁርኣን መምህር እንደማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ሳምንት የተቀጠሩ ናቸው። በዚያን ጊዜ እንግሊዛዊው አለቃ «ባቢከር!» ብሎ በጮኸ ቁጥር ሁለቱም «አቤት!» እያሉ ስላስቸገሩት፣ አንዱን በመዶሻው ሌላውን በጸሎቱ ለይቶ የሰየማቸው ሠራተኛው ነው። እርስ በርሳቸው ግን ከ«ሞክሼ» በቀር ሌላ ስም ተጠራርተው አያውቁም።

ዝርዝሩ ላይ የሥራ መለያ ቁጥር የለም። የክፍሉ አለቃ ወደ ቢሮ ሄዶ ቢጠይቅ፣ «ቁጥር ምን ያደርጋል? ባለቤቱ ራሱን ያውቃል። ሐሙስ መጥቶ ፈርሞ ደብዳቤውን ይውሰድ» አሉት።

ሻኩሽ ራሱን ያውቃል። በተቀጠረ በዓመቱ ታላቁ የሥራ ማቆም አድማ ሲነሣ፣ ከወር በላይ ለአድማ ጠባቂዎቹ ውኃ ያመላለሰው እሱ ነው። አድማው ካለፈ በኋላ ሲር ኸቲም የሚባል ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ በየዓርቡ ከወንዙ ዳር አሸዋ ላይ አስቀምጦ አስተማረው። ሽማግሌው በእንጨት ረጅም መስመር ያሰምርና፣ «ይህ ሐዲድ ነው እንበል። ከጥጥ እርሻው ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?» ይለዋል።

«ወደ ባሕሩ።»

«ከአንተ መንደር ወደ ጎረቤት መንደር የሚሄደውስ?»

«እሱ የለም።»

«በቃ፣ ኢምፔሪያሊዝም ማለት ይኸው ነው። የቀረውን በመጽሐፍ ታገኘዋለህ።»

የቀረውንም በመጽሐፍ አገኘው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮሚኒስት ሲታደን ሁለት ዓመት ታስሮ ወጣ። ማኅበሩ ሲፈርስ፣ ጋዜጣው ሲዘጋ፣ ጓዶቹ አንድ በአንድ ሲወሰዱ አየ። በአድማው ዘፈን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀበል የነበረው ሰው ባንድ ዓመት ጢሙን አሳድጎ፣ አሁን ወታደሮቹ ባቋቋሙት አዲስ ኮሚቴ ውስጥ ዝርዝር በጽሕፈት መኪና ይጽፋል አሉ። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ያለው እኔ ነኝ፣ አለ ሻኩሽ በልቡ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር።

ይሁን እንጂ በልቡ ጥግ አንዲት ትንሽ ተስፋ ተወሽቃ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በጁምዓ ሰላት ማግሥት፣ የኮሚቴው ሰዎች ወደ ፈኪ መጥተው ነበር። ወደ ደቡቡ ጦርነት ለሚዘምቱ ልጆች የምዝገባ ጥሪ በመስጊዱ ማይክሮፎን እንዲያሰማ አዘዙት። ፈኪም፣ «ይህ ማይክሮፎን ሰውን ወደ አላህ ይጠራል፤ ቶሎ እንዲሄድ ግን አያጣድፍም» ብሎ መለሳቸው። ወርክሾፑ ለሁለት ቀን በዚህ ሲስቅ ሰነበተ። እንግዲህ ስሙ የፈኪስ ቢሆን?

ሻኩሽን ያስፈራው ይህ ተስፋው ነው። ስሙ የእሱ ቢሆን ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ እስር ቤት እንኳ ያውቀዋል። የሞክሼው ስም እንዲሆን እየተመኘ መዶሻ ይዞ መዋል ግን አያውቅበትም።

ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ ነፊሳ በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችው። ነፊሳ የስኳር በሽተኛ ናት። በየዕለቱ የምትወጋውን መርፌ የምታገኘው ከባቡር ሠራተኞች ክሊኒክ ነው፤ ብልቃጧን ከውኃው ጋን ሥር፣ ቀዝቀዝ ካለው አሸዋ ውስጥ ቀብራ ታኖራለች። ቤቱም የሥራው ነው። ከሥራ የተሰናበተ ቤቱን በሠላሳ ቀን ይለቃል፤ ክሊኒኩም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይዘጋበታል።

«የሰልማ አባት፣ ሐሙስ አትሂድ» አለችው።

«የት እንዳልሄድ?»

«የት እንደሆነማ አገሩ ሁሉ ያውቃል። አሞኛል በል። ወይም ሚስቴን አሟታል በል፤ ያ ውሸት አይደለም። ፈኪ እንደሆነ መጠበቅ አይችልም፣ ጠዋት ገስግሶ ይሄዳል። ደብዳቤው አንድ ነው፤ የሄደ ይወስደዋል።»

«ነፊሳ፣ ሞክሼዬ እኮ ነው።»

«እኔስ ምንህ ነኝ?»

ሻኩሽ ብስክሌቱን ከግድግዳው አስደገፈ። ታስሮ ሳለ ፈኪ በየሳምንቱ ዱቄትና ስኳር በብስክሌት ጭኖ ለዚህችው ሴት ያደርስ እንደነበረ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ሁለቱም ይህን አላነሡትም። የተነሣ እንደሆነ ንግግሩ ሁሉ እንደሚፈርስ ያውቁ ነበርና።

ረቡዕ የቁርስ ፊሽካ ሲነፋ ሁለቱ ሞክሼዎች እንደ ወትሮው ከአንድ ሳሕን ፉል ለመብላት ተቀመጡ። ሌላው ሠራተኛ ራቅ አለላቸው። ማን ጋ ቢጠጋ ከማን እንደሚቆጠር አላወቀም።

«ዳቦ ደግሞ አነሰ» አለ ፈኪ፣ ቁራሹን በመዳፉ እየመዘነ። «ይህንንም እንግሊዝ ነው ያሳነሰው በለኛ።»

«እንግሊዝ ባይሆን አበዳሪዎቹ ናቸው። የስንዴውን ድጎማ አንሡ ብለው...»

«እንግሊዝ ከሄደ ሠላሳ አራት ዓመቱ! አንተ ግን ጫማ ሲጠብህም እሱን ነው የምትከሰው።»

«ሐዲዱን አላየህም? ዛሬም የሚሮጠው ወደ ባሕር ነው።»

«ታዲያ ወደ ሰማይ ይሩጥልህ? ወደ ሰማይስ ቢሆን ቲኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ አንተን ፉርጎ ጣሪያ ላይ እሰቅልሃለሁ።»

«ከሓዲ አታስገባም አልነበር ወይ?»

«ዕቃ ነው ብዬ አሳልፍሃለሁ።»

ሳቁ። ይህንኑ ጨዋታ አርባ ዓመት ተጫውተውታል። የዚያን ዕለት ግን ሻኩሽ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ሞክሼው ስለ ሐሙስ ያነሣ እንደሆነ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ይጠብቅ ነበር። ፈኪ አላነሣም። ሳሕኑን በመጨረሻው ቁራሽ ጠርጎ፣ ቁራሹን ለሁለት ገምሶ፣ የሚበልጠውን ለሻኩሽ ሰጠው።

ሐሙስ ጠዋት ሻኩሽ ላለመሄድም ለመሄድም አልቆረጠም። ጎማው ያልተነፈሰ ብስክሌቱን ሲነፋ ቆየ። ነፊሳ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ከቢሮው ሲደርስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ፈኪ ንጹሕ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«ምነው ዘገየህ፣ ሞክሼ? ስጠብቅህ ቂጤ ነደደ።»

«ገብተህ አልጨረስክም?»

«ብቻዬን ገብቼ ምን ልላቸው? ግማሹ ስም መጥቷል ልበላቸው?»

አብረው ገቡ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊ ከካርቱም የተላከ ወጣት ነው፤ አንዳቸውንም አያውቅም።

«ባቢከር አሕመድ ኢድሪስ!» ብሎ ጠራ።

ሁለቱም «አቤት» አሉ።

«የጠራሁት አንድ ሰው ነው።»

«የጠራኸው አንድ ነው፣ ልጄ» አለ ፈኪ፤ «የመጣነው ግን ሁለት ነን።»

ወጣቱ ግንባሩን ቋጠረ። «እና የትኛችሁ ናችሁ?»

«እኛ እኮ ያንን አንተን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

ጸሐፊው ደብዳቤውን ገልብጦ አየው፣ ወደ መስኮቱ አነሣው፤ ቁጥር የለም። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አኖረ። «ሐጂ፣ ይህ ከላይ እንዲሁ ነው የመጣው። እኔ ዛሬ አርባ አንድ ፊርማ ማስረከብ አለብኝ። ጥፋቱን የሚያውቅ ይፈርም፣ ሌላው ወደ ሥራው ይመለስ።»

ሻኩሽ አፉን ከፈተ። ሊናገር የነበረው ቃል ዕድሜውን ሙሉ በየስብሰባው ከተናገረው ሁሉ ያጠረ ነበር። ከውኃው ጋን ሥር የተቀበረችው ብልቃጥ ታየችው። ምራቁን ዋጠ። ምራቁን በዋጠባት በዚያች ቅጽበት ፈኪ ከጠረጴዛው ላይ ብዕሩን አንሥቶ ነበር።

«የማይክሮፎኑ ነገር ነው፤ የኔ ነው» አለና በዚያ በተዋበ የቁርኣን ተማሪ የእጅ ጽሑፉ ፈረመ።

ውጭ ሲወጡ ሻኩሽ ክንዱን ያዘው። «ሞክሼ፣ ደብዳቤው የኔ ነበር።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ተመልሼ ገብቼ እነግረዋለሁ።»

«ግባ! ወረቀት የሚያጥረው መሰለህ? እኔን አይመልሱኝም፣ አንተን ይጨምሩሃል። ነፊሳስ መርፌዋን ከየት ታመጣለች?»

«አንተስ? ስድስት ልጅ...»

«ልጆቼ ጤነኞች ናቸው። አናጢ ደግሞ በሩ የተገነጠለ ጎረቤት አያጣም። አንተ ግን ምን ትሆናለህ? መንኮራኩር የሚያስመታህ ጎረቤት አለህ?»

ሻኩሽ መሳቅ አልቻለም። ብስክሌቱን እየገፋ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ፈኪ ፊቱን ሳያዞር፣ «አፍህን ከፍተህ ነበር፤ ምን ልትል ነበር?» አለው።

«እኔ ነኝ ልል ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ፈኪ።

ከየት እንዳወቀ ሻኩሽ ሊጠይቀው አልደፈረም። በእርግጥ እንዲያ ሊል እንደነበረ እሱ ራሱ እርግጠኛ አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ እርግጠኛ አልሆነም።

ቤት ሲገባ ነፊሳ ዓይን ዓይኑን አየችው። «ማን ወሰደው?»

«ቀድሞ የፈረመው።»

«ፈኪ?»

ጫማውን እያወለቀ ራሱን ነቀነቀ። የፈለገችው ሆኖላት ነበር፤ ፊቷ ግን የዘመድ መርዶ እንደተረዳ ሰው ጠቆረ። ከጋኑ ውኃ ቀድታ ሰጠችውና፣ «የሰልማ ክፍል ባዶውን ነው» አለች። ሰልማ ልጃቸው ናት፤ ባል አግብታ ፖርት ሱዳን ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነበር።

በሃያ አምስተኛው ቀን የፈኪ ሚስት ቡሰይና ፍራሽ በራሷ ተሸክማ፣ ስድስቱን ልጆች አስከትላ መጣች። ሁለቱ ሞክሼዎች የጠፍር አልጋውን በሩ ላይ አጋድመው ሲታገሉ ነፊሳ ወጥታ፣ ቡሰይናን እጅዋን ያዘቻትና አልለቅ አለች።

«ቡሰይና፣ እኔ...»

«ተይ፣ ነፊሳ» አለች ቡሰይና። «ምን እንዳልሽው አውቃለሁ። እኔም የኔውን እንዲሁ ብዬው ነበር፤ አልሰማ ብሎኝ ነው።» ቀጥላም ወደ ወንዶቹ ዞራ፣ «እናንተ! በቁመቱ አዙሩት እንጂ! አንዱ አናጢ ነኝ ይላል ደግሞ!» ብላ ጮኸች።

በሚቀጥለው ወር መግቢያ ሁለተኛው ዝርዝር ተለጠፈ። ሻኩሽ ብስክሌቱን ተደግፎ ከመንገዱ ማዶ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቀረ። ወደ ሰሌዳው የሄደው ከእንግዲህ ምንም ጉዳይ የሌለው ፈኪ ነው። ሰዉን በትከሻው እየከፈለ ገባና ጣቱን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መንዳት ያዘ። ሻኩሽ ከሩቅ ጣቱን ብቻ ያያል። ጣቱ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆየ። ከዚያ እንደገና ወረደ።

ፈኪ መንገዱን ተሻግሮ ሲመጣ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«መሐል ላይ ምን ሆነህ ቆምክ?» አለው ሻኩሽ።

«ጽሑፉ ደብዝዞብኝ ነው። ዓይኔ እንደ አንተ ጆሮ አይደለም።»

«እና?»

«የለንበትም» አለ ፈኪ። «ለዚህ ወር።»