ተጠባባቂው ሰርቨር ሥራ የተረከበበት እሑድ

በዚያ እሑድ ጠዋት በሥራው ላይ የነበርነው አምስት ነን። ቀበና ወንዝ አጠገብ ባለው ምድር ቤት፣ ከዋናው ሰርቨር ፊት፣ እኔና ጫልቱ ነበርን፤ ጫልቱ የመረጃ ቋት ባለሙያ ስትሆን በእኔ ሥር ትሠራ ነበር። ከኋላችን ቆመው የሚያዩን የድርጅታችን ዳይሬክተር አቶ ወንድወሰን ናቸው። ኮተቤ፣ ከተጠባባቂው ሰርቨር ዘንድ፣ ደበበ ተቀምጧል። ከአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ደግሞ ሲስተር አበራሽ በስልክ ይጠባበቁ ነበር። ስለዚያ ቀን እስካሁን ለማንም አልተናገርሁም። አሁን የምጽፈው በዚህ ሙያ ውስጥ ላሉትና ገና ለሚገቡበት ነው።

ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ከመምህርነት ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ በሚያዝበት ቴፕ የተሞላ መደርደሪያ አሳዩኝ። በእያንዳንዱ ቴፕ ላይ ሳምንቱ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጽፎበታል። «አንዱን ምረጥና ውስጡ ያለውን አውጣ» አሉኝ። መረጥሁ፤ ባዶ ነው። ሌላ ሰጡኝ፤ እርሱም ባዶ። መቅረጫው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ጽሑፍ መለጠፉ ግን አልተቋረጠም ነበር። አለቃዬ አልተቆጡም። በሩን ዘግተው ተቀመጡና፣ «እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ አንተንም ይንሳህ» አሉኝ። ነሳኝም።

ድርጅታችን የበርካታ ሆስፒታሎችን የሕሙማን መረጃ በአንድ ቋት ይይዝ ነበር። የታማሚው ስም፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የደሙ ዓይነት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሆስፒታሎቹ የሚጽፉትም የሚያነቡትም ቀበና ባለው ዋና ሰርቨር ላይ ነው። ኮተቤ ያለው ተጠባባቂ በዋናው ላይ የተለወጠውን ሁሉ እየተቀበለ ይገለብጣል፤ ዋናው ቢወድቅ እንዲተካው። የቢሮው ሰው ስኮርታ ይለው ነበር፤ እንደ መኪና ትርፍ ጎማ።

በዚያ ዓመት ክረምት ሳይገባ ሥራው ወደ ኮተቤ እንዲዛወር ተወሰነ። የቀበናው ምድር ቤት ግድግዳ እርጥበት ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ የሚሆነውን ማሰብ አልወድም ነበር። እንዲህ ያለውን የታቀደ ዝውውር ርክክብ እንለዋለን። ዋናው እንዳይጻፍበት ይዘጋል፤ ተጠባባቂው የቀረውን ተቀብሎ መጨረሱ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ተጠባባቂው ዋና እንዲሆን ይታዘዛል፤ የቀድሞው ዋና በተራው ተጠባባቂ ይሆናል። ሲጻፍ አጭር ነው። በመካከሉ ግን ዋና የሌለበት ጊዜ አለ፤ ሆስፒታል በዚያም ጊዜ ሰው ይቀበላል።

እኔ የፈራሁት መስመሩን ነበር። የሁለቱ ቦታዎች ግንኙነት እንጦጦ ላይ በተተከለ የአንቴና ምሰሶ በኩል ያልፋል። ቅዳሜ ዕለት ምሰሶውን ላየው በእግሬ ወጣሁ። ጭጋጉ ባሕር ዛፉን ውጦታል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከውስጡ ድንገት ይወጣሉ፣ ድንገት ይጠፋሉ። አንዷ አንጋጥጬ ቆሜ ብታየኝ፣ «አባቴ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለችኝ።

«እስካሁን ምንም» አልኋት።

«እንግዲያው ይውረዱ፤ ብርዱ አይምርም» ብላ አለፈች።

እሑድ ጠዋት፣ የሆስፒታሎቹ ሥራ ቀለል በሚልበት ሰዓት፣ ለመጀመር ተዘጋጀን። ጫልቱ እጇን ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሳታሳርፍ፣ «ጋሼ፣ አንድ አፍታ ልጸልይ?» አለችኝ። ጫልቱ የወንጌል አማኝ ናት፤ እኔ የራሴን ጸሎት ከቤት ሳልወጣ አድርሼ ነበር።

«ጸልዪ» አልኋት።

«አጭር አድርጊው፤ ጌታ እንደሆነ ሥራውን ያውቃል» አሉ አቶ ወንድወሰን።

«እሱማ ያውቃል፤ የማናውቀው እኛ ነን» አለች ዐይኗን እንደጨፈነች።

ዋናውን ዘጋን። ተጠባባቂው ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳየው መለኪያ ዜሮ ላይ ቆመ። «ዜሮ ነው፣ ጋሼ» አለ ደበበ ከኮተቤ በስልክ። ትእዛዙን ሰጠሁ። ኮተቤ ዋና ሆነ። እንጦጦ ላይ ያለው ምሰሶ አልከዳንም።

ከዚህ በኋላ አንድ ልማድ አለኝ። ለሆስፒታሎቹ ከመክፈቴ በፊት ከሁለቱም ሰርቨሮች ተመሳሳይ መዝገብ ይወጣና በድምፅ ይነበባል፤ አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ይከተላል። በልጅነቴ የንባብ መምህሬ ፊት የተማርሁት እንዲህ ነው፤ ዐይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋል። ማሽኑ ራሱ ሁሉንም የሚያወዳድርበት መንገድም ነበር፤ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ብጠይቅ አልተፈቀደልኝም። የቢሮው ሰው በንባቤ ይስቅብኛል።

«ጋሽ መኮንን ዳዊታቸውን ሊደግሙ ነው!» አሉ አቶ ወንድወሰን። «መለኪያው ዜሮ ካለ ምን ቀረ? ሆስፒታሎቹ እኮ እየጠበቁ ነው።»

«ጥቂት ይጠብቁ» አልሁ።

አቶ ወንድወሰን ራሳቸውን እየነቀነቁ ደረጃውን ወጥተው ወደ ቢሯቸው ሄዱ። የሆስፒታሎቹን መስመር ወደ አንዱ ሰርቨር የሚያዞረው ፕሮግራም በእርሳቸውም ኮምፒዩተር ላይ ይከፈት ነበር። ያን ጊዜ ይህን አላሰብሁም።

ጫልቱ ከቀበናው ታነባለች፤ ደበበ በኮተቤው ይከተላል። የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች ገጠሙ። ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል ከሚያደርጉበት ክፍል መዝገብ ደረስን።

«የደም ዓይነት፣ ኦ ፖዘቲቭ» አለች ጫልቱ።

በስልኩ የደበበ ቁልፍ ሰሌዳ ሲንኳኳ ተሰማ።

«ደበበ?»

«ቢ» አለ። «እዚህ ቢ ፖዘቲቭ ነው የሚለው።»

«ቀጣዩን አንብቢ» አልኋት። ቀጣዩ ገጠመ። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው አልገጠመም። ወንበር አጠገቤ ነበር፤ አልተቀመጥሁም፤ ከተቀመጥሁ የምነሣ አልመሰለኝም።

«ደበበ፣ ይህን መዝገብ ማን ነካው?»

«ጋሼ… የሥልጠናው ይሆናል።»

«የምን ሥልጠና?»

«አልነገሩዎትም እንዴ?» አለ።

ነገሩን በቁርጥራጭ ነገረኝ። እኅቴ ዐርፋ ሐዘን በተቀመጥሁበት ሰሞን ለሲስተር አበራሽ ሆስፒታል የእናቶች ክፍል አዲስ የመዝገብ ሠራተኞች ተቀጥረው መለማመጃ ቸገረ። አቶ ወንድወሰን፣ «ስኮርታ ጎማም እኮ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይበሰብሳል፤ እዚያ ላይ ይለማመዱ» ብለው፣ ደበበን አዘው ተጠባባቂውን ለጽሕፈት አስከፈቱ። ሠልጣኞቹ የተሰጣቸው የራሳቸው ሆስፒታል የነፍሰ ጡሮች መዝገብ ነበር፤ ዕድሜውን፣ አድራሻውን፣ የደም ዓይነቱን እየለዋወጡ ተለማመዱ። ሲጨርሱ ተዘጋ። ዋናው ሰርቨር ደግሞ የሚልከው በራሱ ላይ የተለወጠውን ብቻ ነው፤ በቅጂው ላይ ሌላ እጅ የጻፈውን አያይም፣ አያርምም። ስለዚህ መለኪያው ዜሮ ማለቱ እውነት ነበር፤ መዝገቡ ግን ሐሰት።

ደበበ ሊነግረኝ የሐዘኑ ድንኳን ድረስ መጥቶ ነበር። ከጎኔ ተቀመጠ፣ ንፍሮ ዘገነ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎኝ ሄደ። ሐዘን ለተቀመጠ ሰው የሥራ ነገር አይነሣም፤ ነውር ነው። አቶ ወንድወሰንም መጥተው ነበር፤ እርሳቸውም አላነሡም። ወደ ሥራ ስመለስ ደበበ ዳይሬክተሩ የነገሩኝ መሰለው፤ ዳይሬክተሩም ደበበ የነገረኝ መሰላቸው።

በዚህ መካከል አቶ ወንድወሰን ከላይ ወረዱ። ፊታቸው ፈክቷል። «የእናቶቹን ሆስፒታል መስመር ወደ ኮተቤ አዙሬላቸዋለሁ። ሲስተር አበራሽ አጣድፈውኝ ነበር» አሉ።

ጫልቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሁለተኛውን ስልክ አነሣሁ።

«ሲስተር፣ ከኮምፒዩተሩ ላይ የደም ዓይነት አይተዋል?»

«አሁን አየሁ እኮ፣ እግዜር ይስጣችሁ! አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው። ምርመራው እስኪደርስ የምትቆይ አልሆነችም፤ ከመዝገቧ አይቼ ላክሁላት።»

«ምን ላኩ?»

«ቢ።»

«ስሟን ይንገሩኝ።»

ነገሩኝ። ጫልቱ ከቀበናው ሰርቨር አወጣችው። «ኦ ነው፣ ጋሼ» አለች።

«ሲስተር፣ ደሙን ያስቁሙት። የተሳሳተ ነው።»

«እመቤቴ!»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ሰማን። የጫማ ኮቴ፣ የበር መላጋት፣ ከዚያ ባዶ ክፍል። የሆነ ቦታ ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር። ብዙ ሐዘን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቧንቧ ያስፈራኝ ድምፅ የለም።

«ጫልቱ፣ የሆስፒታሉን መስመር ዝጊ» አልሁ። «ደበበ፣ አሁን ኮተቤ ላይ የጻፉት ካለ ለብቻ አውጣና ሰርቨሩን ዝጋው። ቀበናን መልሰን ዋና እናደርጋለን።»

«ጋሽ መኮንን፣ ርክክቡ አልቋል ብዬ ለበላይ አሳውቄያለሁ እኮ» አሉ አቶ ወንድወሰን።

«አላለቀም።»

«ኮተቤ እንዳለ ሆኖ ስሕተቱ ቀስ ብሎ ቢታረምስ?»

«በማን ላይ እየሞከርን?»

አቶ ወንድወሰን እኔ ያልተቀመጥሁበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትእዛዙን ስጽፍ ጫልቱ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላ አነበበችልኝ። በስሕተት ሁለቱንም ዋና ባደርጋቸው፣ ሆስፒታሎቹ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ እውነቱ የት እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም። ኮተቤ መዘጋቱን ደበበ ደጋግሞ ካረጋገጠልኝ በኋላ ቀበናን ከፈትሁ።

ኮቴው ተመለሰ። በመጀመሪያ የሰማነው የሲስተር አበራሽን ትንፋሽ ነው።

«አልተቀጠለላትም» አሉ። «መርፌው እጇ ላይ ገብቷል፤ ከረጢቱን ሊሰቅሉት ሲሉ ነጠቅኋቸው። አሁን ምኑን ልመን?»

«የቀበናው ኦ ይላል።»

«የኦ ደም ቢ ብትሆንም አይጎዳትም፤ እሱን እሰጣለሁ። እናንተ ግን፣ ጋሽ መኮንን፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብለው ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ ደውለው እናቲቱ መትረፏን ነገሩን። ስለ ሕፃኑ አልጠየቅሁም፤ ፈራሁ። ጫልቱ ጠየቀች። ሕፃኑም ደኅና ነው።

በማግሥቱ የኮተቤውን ቅጂ ሙሉ በሙሉ ደምስሰን ከዋናው እንደገና ገለበጥን። ማሽኑ ሁለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲያወዳድር ጠየቅሁ፤ በዚህ ጊዜ የከለከለኝ የለም። ደበበን ማንም አላስወጣውም፤ እንዲቆይ ለመንሁት። «ጋሼ፣ ያቺን መርፌ እያሰብሁ ትእዛዝ መጻፍ አልችልም» ብሎኝ ሥራውን ለቀቀ። አቶ ወንድወሰን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። የተጠባባቂ ሰርቨር ሥራ መጠበቅ ነው፤ ሌላ ሥራ አይሰጠውም። ከሥራ ርቆ የቆየ ሰው፣ ከሐዘንም ቢሆን፣ ሲመለስ በሌለበት የተነካው ሁሉ ፊት ለፊት ይነገረው፤ ካልተነገረው ይጠይቅ። የመለኪያ ዜሮ ይህን አይተካም።

ሁለተኛውን ርክክብ ክረምቱ ሳይገባ ፈጸምን። መዝገቡ በድምፅ ተነበበ፤ የሳቀ አልነበረም። ከአምስታችን የቀረነው ሦስት ነበርን።