ብላቴ የወሰደው አስተርጓሚ

ባለፈው ሳምንት ምሕረት የምትባል ወጣት መምህርት ሶዶ ካለው ቤቴ መጣች። በስልኳ ላይ ስካን የተደረገ ያረጀ የመጽሔት ገጽ አሳየችኝ። የቤተሰቧን ስም ስትነግረኝ አወቅኳት፤ ተበላ በምትባለው የሁምቦ ከተማ ይኖሩ የነበሩት የእማማ ማርታ የልጅ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ይሄን የተረጎሙት እርስዎ ነዎት አይደል?» አለችኝ። «ስለ ወንድ አያቴ ኢንተርኔት ላይ፣ ሰው ሁሉ ተጋግዞ የሚያዘጋጀው መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ልጽፍ ነው። ገጹን በስልኬ አስተርጉሜ ከእርስዎ ጽሑፍ ጋር አስተያየሁት።»

እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ያን ገጽ በእኛ አገር ከእኔ በቀር ያነበበ ሰው አላውቅም ነበር።

በወጣትነቴ እርሻ እንድማር ወደ ዩጎዝላቪያ ተልኬ ነበር። ቋንቋውን ያኔ ሰርቦ ክሮኤሽያን እንለው ነበር። ዛሬ አገሩም ተበታትኗል፣ የቋንቋውም ስም እንደየአገሩ ሌላ ሌላ ሆኗል። እኔ ግን ዳቦ የገዛሁበትም የተሳደብኩበትም አንድ ቋንቋ ነው፤ ስንት ነው ብላችሁ አታድክሙኝ። በመጨረሻው ዓመት፣ ጦርነቱ ሲቃረብ፣ ቤት ያከራዩኝ አሮጊት በየጠዋቱ ሁለት ጋዜጣ ይገዙ ነበር። ሁለቱም በዚያው ቋንቋ ስለ አንድ መንደር ይጽፋሉ፤ በአንዱ ሟች የተባለው በሌላው ገዳይ ነው። አሮጊቷ አንብበው ሲጨርሱ ሁለቱንም ምድጃ ውስጥ ይከቷቸዋል። በጽሑፍ ነገር ግትር የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

ተመልሼ ሶዶ ማስተማር ስጀምር፣ ጥቂት ጡረተኛ መምህራን የወላይታን ሰዎችና ቦታዎች በፊደል ተራ የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ እያዘጋጁ ነበር። እኔንም ጨመሩኝ። ሰብሳቢያችን አቶ ዳና ደግና ችኩል ሰው ነበሩ፤ ያወጡት ሕግ ግን ጥብቅ ነበር። ስለ ማንም ሰው ሲጻፍ የታተመ ምንጭ መኖር አለበት።

እኔ ደግሞ ከዚያ አገር ይዤው በመጣሁት መጽሔት ውስጥ የአንድ ሐኪም ትዝታ ነበረኝ። ሐኪሙ በንጉሡ ዘመን ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ሁምቦ ቆላ ወርዶ ወባ አክሟል። አንድ የክረምት ቀን የብላቴ ወንዝ ሞልቶ፣ የታመሙ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች በወዲያኛው ዳር ቆመው ሲጠብቁ፣ መድኃኒቱን ተሸክሞ ቀድሞ ወንዙ ውስጥ የገባው አስተርጓሚያቸው ነበር። ጎርፉ ወሰደው። ሐኪሙ «አስተርጓሚያችን» እያለ በፍቅር ይጽፍለታል፤ ስሙን ግን አንድ ቦታ እንኳ አልጠራም።

ተበላ ውስጥ ስሙን የማያውቅ አልነበረም። ዘካርያስ ላሊሶ ነው።

ነሐሴ ላይ ወደ ባለቤቱ ሄድኩ። እስከ ተበላ በሚኒባስ፣ ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ጭቃውን እያቦካሁ በእግሬ። እማማ ማርታ የተቀቀለ ቦይና፣ እኛ በአማርኛ ጎደሬ የምንለውን፣ ከዳጣ ጋር አቀረቡልኝ። ዳጣው እንባዬን አመጣው፤ እሳቸውም «የፈረንጅ አገር ሆድ ይዘህ መጣህ» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ገጹን እያየሁ በአማርኛ አነበብኩላቸው። «መንገድ ለመንገድ መዝሙር ያንጎራጉር ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«እሱ ነው። ሁልጊዜ ይዘምራል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ስሙስ?»

«ስሙ የለም፣ እማማ።»

«ስንት ወር አብሯቸው በላ! ስሙን አልጻፉም? ሬሳው አልተገኘም። መቃብር የለውም፤ ሄጄ የማለቅስበት ድንጋይ የለኝም። ታ ናኣው» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «አንተ ጨምርበት። ቋንቋውን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ። ማን ያየዋል?»

አንጀቴን በሉኝ። ሶዶ ተመልሼ ስሙን መጨመር እንደማልደፍር ለአቶ ዳና ስነግራቸው ጭራሽ ተቆጡኝ።

«ጻፈው እንጂ! ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። አዲስ አበባ ድረስ ብትሄድ የሚያነበው አታገኝም።»

«የማልጽፈውም ለዚህ ነው» አልኳቸው። የሚቆጣጠረኝ ሰው ቢኖር ምናልባት እደፍር ነበር። ስሳሳት የሚያርመኝ በሌለበት ግን የሐኪሙን አፍ ከፍቼ ያላለውን ቃል ማስገባት አስፈራኝ። የእነዚያ የሁለት ጋዜጦች ነገር ከዓይኔ አልጠፋም።

ብዙ ተሟገትን። በመጨረሻ አቶ ዳና ሕጋቸውን ለአንድ ጊዜ አላልተውልኝ እንዲህ ብለን አተምን፦ «አስተርጓሚውን ወንዙ ወሰደው። ምንጩ ስሙን አይጠቅስም። ይህ ሰው፣ ባለቤቱና ጎረቤቶቹ እንደሚሉት፣ ዘካርያስ ላሊሶ ነው።»

መጽሐፉን ይዤ በደስታ ተበላ ሄድኩ። እማማ ማርታ አስነብበው ሲጨርሱ ፊታቸው ጠቆረ።

«እንደሚሉት? የባሌ ነገር ወሬ ሆነ? እኔ ወሬኛ ሆንኩ?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ስለ ምንጭ፣ ስለ ማስረጃ የተናገርኩት ሁሉ በዚያች ጎጆ ውስጥ ለራሴም አልጣመኝም። ያን ቀን ቦይና አልቀረበልኝም። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሲያዩኝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ያልፉ ነበር። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ከሰው ኋላ ቆሜ ተመለስኩ። ልክ እንደሠራሁ አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ፤ ሐዘኑ ግን አልለቀቀኝም።

እንግዲህ ምሕረት ስልኳን ይዛ ፊቴ ስትቀመጥ የሴት አያቷን ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«የወንድ አያቴ ስም እውነትም እዚያ የለም» አለች። «እርስዎም የለም ብለዋል። አለ ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም ስልክ የያዘ ሰው ያጋልጥዎት ነበር። የሴት አያቴ ምስክርነትም አብሮ ይወድቅ ነበር። አሁን ግን ሁለቱንም እጠቅሳለሁ፤ ሐኪሙንም፣ ሴት አያቴንም።»

«አያትሽ ግን ተቀይመውኝ ሞቱ» አልኳት።

«መጽሐፉን እኮ ትራሷ ሥር ነበር የምታስቀምጠው! እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ታስነብበን ነበር። ፊደል ባታውቅም ቦታውን በጣቷ ታሳየናለች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ‹ይቺን ዝለሏት› ትለን ነበር።»

የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ያን ሁሉ ዓመት የተጣላን መስሎኝ ሳዝን፣ ለካስ እሳቸው ጽሑፌን በራሳቸው መንገድ አርመው ይዘውት ኖረዋል። ከባላቸው ጋር ለኖሩት ሴት ምን ምስክር ያስፈልጋቸዋል? ምስክር የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

«እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት፣ «ለእሳቸው እንደምታነቢው አድርገሽ።»

ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ አወጣች። ቦታውን ለማግኘት ገጽ መግለጥ አላስፈለጋትም፤ መጽሐፉ ራሱ እዚያው ላይ ተከፈተ።

«አስተርጓሚውን ወንዙ ወሰደው» ብላ አነበበች። «ምንጩ ስሙን አይጠቅስም። ይህ ሰው ዘካርያስ ላሊሶ ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ንባብ ሳርም ኖሬያለሁ። እሷን ግን አላረምኳትም።